የጉልበት ማርሽ

ቦታው የጁቤ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ። አንድ ግቢ ውስጥ ወጣቶች የራሳቸውን ጂም ሠርተዋል። ጂም ማለት እንግዲህ ሁለት የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ተሞልቶበት፣ ሳይደርቅ የውኃ ቱቦ ጫፍና ጫፉ ተሰክቶበት የተሠራ ብረት ነው። አንደኛው ልጅ ቱቦውን ትከሻው ላይ ጭኖ ቁጭ ብድግ ይላል። ሲወርድም ሲነሣም እኩል ይንቀረፈፋል። የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ጓደኛው አጠገቡ ቆሞ «ቀስ! ቀስ በል! ጡንቻው ይሰማህ!» ይለዋል።

ከአጥሩ ማዶ አንድ አዛውንት የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይፈልጣሉ። ልጁ ብረቱን አስቀምጦ ሄደና «አባባ፣ ያምጡ ልፍለጥልዎ» አላቸው። ሰጡት። መጥረቢያውን ሽቅብ አነሣና ባለ በሌለ ጉልበቱ ተጭኖ አወረደው። ጉማጁ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ለማላቀቁ ከመፍለጡ የበለጠ ጊዜ ፈጀበት። አዛውንቱ ሣቁና ተቀበሉት። ክንዳቸው የልጁን ግማሽ አያክልም። መጥረቢያው አየሩን ሲሰነጥቅ ብቻ ተሰማ፤ ጉማጁ ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ወደቀ። «መጥረቢያ አይገፋም ልጄ፣ ይወረወራል» አሉት።

ነገሩ በቁጥር ቢሰላም አዛውንቱ ትክክል ናቸው። የመጥረቢያው ክብደት እጥፍ ቢሆን የምቱ ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ቀጥሎ የምተርከው፣ ክብደት አንሺዎችና ሌሎች ባለጉልበቶች ይህንኑ ለማወቅ የወሰደባቸውን ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር የምጠራቸው ዓመታት የአውሮፓውያን ናቸው።

አድዋ ላይ ጦርነቱ ካበቃ ወር ከሳምንት ሳይሞላው፣ በሚያዝያ 1896 አቴንስ ላይ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ተከፈተ። ክብደት ማንሳትም አንዱ ውድድር ነበር። በሁለት እጅ በሚነሣው ዴንማርካዊው ቪጎ የንሰንና ብሪታንያዊው ላውንስተን ኤሊየት ሁለቱም 111.5 ኪሎ አነሡ። ዳኞቹ የየንሰን አነሣሥ ያምራል ብለው አንደኝነቱን ለእሱ ሰጡት። ኤሊየት ደግሞ በአንድ እጅ 71 ኪሎ አንሥቶ ተካሰ። በዚያ ዘመን የሚጠየቀው «ስንት ኪሎ?» ነበር፤ በምን ያህል ፍጥነት ተነሣ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ባለጉልበት ማለት ዝሆን ማለት ነበር፤ የሚተልቅ፣ የሚከብድ፣ የማይቸኩል።

የመጀመሪያው ጠያቂ የመጣው ከላቦራቶሪ ነው። ኤ ቪ ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ ሯጭም የነበረ ሰው፣ በጡንቻ ሙቀት ላይ ባደረገው ጥናት የ1922ን የኖቤል ሽልማት አግኝቶ ነበር። በ1938 ባወጣው ሥራው የእንቁራሪት ጡንቻ እየለካ አንድ ሕግ ጻፈ፤ ጡንቻ በፈጠነ ቁጥር የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል፣ ኃይሉ በበዛ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ኃይልና ፍጥነት ሲባዙ ትልቁን ውጤት የሚሰጡበት ቦታ አለ። የሲሚንቶ ጣሳ የሚያነሣው ልጅ የሚኖረው በአንደኛው ጫፍ ብቻ ነው። ሌላው ጫፍ እንዳለ የነገረው የለም።

ሂል የጻፈውን የስፖርት ሰዎች ለማንበብ ጊዜ ወሰደባቸው። በ1955 የአሜሪካ ክብደት አንሺዎች ወደ ሞስኮ ሄዱ። ጎርኪ ፓርክ ውስጥ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ፖል አንደርሰን የተባለ ግዙፍ ሰው 182.5 ኪሎ ከደረቱ ወደ ላይ ገፋ። ሩሲያውያኑ «የተፈጥሮ ተአምር» አሉት። በማግስቱ ዓመት ሜልቦርን ላይ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት ኦሊምፒክ፣ አንደርሰንና አርጀንቲናዊው ሴልቬቲ በሦስቱ አነሣሦች፣ በፕሬስ፣ በስናችና በክሊን ኤንድ ጀርክ፣ ድምር እኩል 500 ኪሎ አነሡ። ወርቁ ለአንደርሰን የተሰጠው በሰውነቱ ክብደት ከተፎካካሪው ስለቀለለ ነው። ያን ሰው «ቀላል» ማለት ምን ያህል እንደሚያስቅ ፎቶውን ያየ ያውቀዋል።

ሩሲያውያኑ ግን ተደንቀው አልቀሩም። ዩሪ ቬርኾሻንስኪ የተባለ የዝላይ አሠልጣኝ ሦስት ጊዜ የሚዘሉ ተወዳዳሪዎችን እያየ አንድ ነገር ያሰላስል ነበር። ዘላዩ መሬት ሲነካ እግሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ መሬት ላይ የሚቆየው ግን ለዓይን ጥቅሻ ነው። ያን ያህል ኃይል በዚያች ቅጽበት የሚያወጣን እግር በከባድ ብረት ብቻ ማሠልጠን አይቻልም። ስለዚህ በ1960ዎቹ ከሳጥን ላይ መውረድን አስተማረ። ተወዳዳሪው ከ75 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.10 ሜትር ከሚደርስ ሳጥን ይወርዳል፤ መሬት እንደነካ ሳይዘገይ ሽቅብ ይፈናጠራል። መውረዱ ጡንቻውን እንደ ላስቲክ ይወጥረዋል፤ ሽቅብ መዝለሉ የተወጠረውን ይለቀዋል። መሬት ላይ ከዘገየ ላስቲኩ ላልቷል፤ ልምምዱም ከንቱ ነው።

ከዚያ 1970 መጣ። ቫሲሊ አሌክሴየቭ የተባለ ሶቪየታዊ በሦስቱ አነሣሦች ድምር 600 ኪሎን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚያው ዓመት በአሜሪካዋ የኮሎምበስ ከተማ 227.5 ኪሎ ከመሬት አንሥቶ ከራሱ በላይ አቆመ። ኮሎምበስን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

1972 ለዚህ ታሪክ ማጠፊያ ነው። ሙኒክ ላይ የሶቪየቱ ቫለሪ ቦርዞቭ የ100 እና የ200 ሜትር ወርቅ ወሰደ። በክብደት ማንሳት ደግሞ ፕሬስ የሚባለው አነሣሥ፣ አንደርሰን ሞስኮን ያስደነቀበት፣ ከዚያ ኦሊምፒክ በኋላ ከውድድር ወጣ። አንሺዎቹ ወገባቸውን ወደ ኋላ እየለጠጡ ሊገፉት ስለጀመሩ ለዳኛ አስቸጋሪ፣ ለወገብም አደገኛ ሆኖ ነበር። የቀሩት ስናችና ክሊን ኤንድ ጀርክ ሁለቱም የፍጥነት አነሣሦች ናቸው። ብረቱ በፍጥነት ተስቦ ሽቅብ ሲሄድ አንሺው ከሥሩ መግባት አለበት፤ ከዘገየ ብረቱ ተመልሶ ይወርዳል። በቀስታ ስናች የሠራ ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ከዚያች ዓመት ወዲህ ኦሊምፒክ ውስጥ ለማይቸኩል ዝሆን ቦታ የለም።

በዚያው በሙኒክ፣ በነሐሴ 1964 ዓ.ም.፣ አንድ ኢትዮጵያዊ የአየር ኃይል ባልደረባ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ። ምሩፅ ይፍጠር ነው። ስለ ክብደት አንሺ በሚተረክ ታሪክ ውስጥ ሯጭ ምን ይሠራል ለሚለኝ፣ ትንሽ ይታገሠኝ።

ምሩፅ ያኔ የሚታወቀው በአንድ አሳዛኝ ስሕተት ጭምር ነበር። ከሙኒክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ ዱራም ከተማ፣ አሜሪካና አፍሪካ በተገናኙበት ውድድር፣ በ5,000 ሜትር ከስቲቭ ፕሪፎንቴን ጋር ሲሮጥ መጨረሻው መስሎት ዙር ሲቀረው ተፈተለከና ቆመ። አሸናፊው ፕሪፎንቴን ሆነ። ምሩፅ በማግስቱ በ10,000 ሜትር ፍራንክ ሾርተርን ቀድሞ ገባ። የዙር ቆጠራው እንጂ ፍጥነቱ እንከን አልነበረበትም። ሙኒክ ላይ ደግሞ 5,000 ሜትሩን ሳይሮጥ ቀረ፤ መነሻው ላይ በሰዓቱ አልደረሰም። የ1976ቱ ኦሊምፒክ አፍሪካውያን አንሳተፍም በማለታቸው አመለጠው። በ1977 ዱሰልዶርፍ፣ በ1979 ሞንትሪያል በዓለም ዋንጫ 5,000ውንም 10,000ውንም ሁለቱንም ጊዜ አሸነፈ።

እነዚያ የጥበቃ ዓመታት ሲያልፉ፣ አሜሪካዊው ፍሬድ ዊልት በ1975 አንድ ቃል ፈጠረ፤ ፕላዮሜትሪክስ። ዊልት በሁለት ኦሊምፒኮች 10,000 ሜትር የሮጠ፣ በሥራው ደግሞ የኤፍ ቢ አይ ሰው ነበር። ሶቪየታውያን ከውድድር በፊት ሲያሟሙቁ ለምን እንደዚያ እንደሚዘሉ ገርሞት የነቬርኾሻንስኪን ዝላይ በአዲስ ስም ለአገሩ አስተዋወቀ። ዛሬ በየጂሙ ሳጥን ላይ የሚዘለው ሁሉ ያንን ስም የሚጠራው በአንድ የረጅም ርቀት ሯጭ ምክንያት ነው።

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ሞስኮ፣ የሌኒን ስታዲየም። በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ አብረው ተሰልፈዋል። አሠልጣኛቸው ንጉሤ ሮባ ራሱ የአጭር ርቀት ሯጭ የነበረ ሰው ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስታውስም፣ እኔ ግን እንደ ድንገት አላየውም። ሦስቱ ኢትዮጵያውያን እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። የፊንላንዱ ላሴ ቪረን፣ በሙኒክም በሞንትሪያልም ሁለቱን ርቀቶች ያሸነፈው፣ ይከተላል። ሌላው ፊንላንዳዊ ካርሎ ማኒንካም አለ። ከመጨረሻው 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩፅ ማርሽ ቀየረ። አባባሉን ያወጣው ማንም ይሁን ማን፣ ቃሉን በትክክል መርጧል፤ ሞተሩ ያው ነው፣ የተቀየረው ጉልበቱ የሚወጣበት ፍጥነት ነው። 27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ። ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ።

ከአምስት ቀን በኋላ 5,000 ሜትር። እንደገና በመጨረሻው 300 ሜትር፣ እንደገና ያው ማርሽ። የታንዛኒያው ሱሌይማን ኛምቡይ ሁለተኛ፣ ማኒንካ ሦስተኛ ሆኑ። ምሩፅ ቁመቱ 1.62 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ55 ኪሎ በታች ነበር። በየጁቤው ግቢ ያለው ልጅ ምናልባት ትከሻው ላይ ጭኖት ቁጭ ብድግ ሊል ይችላል።

ከፊት የነበሩት ሯጮች ሁሉ ሳንባ ነበራቸው፤ ሳንባ የሌለው እዚያ አይደርስም። በመጨረሻው ዙር ልዩነት የሚፈጥረው እግር መሬት በሚነካባት፣ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰች ጊዜ ውስጥ ስንት ኃይል ያወጣል የሚለው ነው። ጡንቻ ያለውን ኃይል ሁሉ አሟጦ ለማውጣት የሰከንድ ሦስት አሥረኛ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ያን ያህል ጊዜ ለሯጭም፣ ለዘላይም፣ ስናች ለሚሠራም አይሰጥም። ስለዚህ ያለህ ጉልበት አንድ ነገር ነው፤ በተሰጠህ ጊዜ የምታወጣው ሌላ ነው። ክብደት አንሺውና ምሩፅ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ሞስኮ ላይ ሁለት ጊዜ የተሸነፉት ፊንላንዳውያን ነገሩን ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱት። አንደኛው ከሌላው የተነሣ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን መገጣጠሙ ደስ ይለኛል። በ1985 ኬይዮ ሃኪነንና ጓደኞቹ ሁለት ዓይነት ልምምድ አነጻጸሩ። በከባድ ብረት የሠለጠኑት ከፍተኛ ጉልበታቸው በጣም ጨመረ፤ ጉልበቱ የሚወጣበት ፍጥነት ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ቀለል ባለ ሸክም እየዘለሉ የሠለጠኑት በተቃራኒው ፍጥነቱን አገኙ፤ ከፍተኛ ጉልበታቸው የጨመረው በጥቂቱ ነው። እዚህ ላይ ለወጣቶቻችን አንድ ነገር ልበል፤ ፍጥነት ጉልበትን አይተካም። ባዶ ቱቦ እያፈናጠረ የሚውል ልጅ ያለ ጉልበት ይቀራል። ሁለቱም ጫፍ ያስፈልጋል።

ከባድ ብረትንና ፍጥነትን በራሱ ትከሻ ላይ አንድ ላይ ከሞከሩት አንዱ ፍሬድ ሃትፊልድ ነው። ትምህርቱ እስከ ዶክትሬት የደረሰ፣ «ዶክተር ስኳት» የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ትዝብቱ ቀላል ነው። ስኳት፣ ማለትም ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ፣ ስትሠራ አስቸጋሪው ታች ያለው ነው፤ ግማሹን ካለፍክ በኋላ ሰውነትህ የተሻለ አቅም የሚያገኝበት ቦታ ላይ ነህ። አብዛኛው ሰው እዚያ ሲደርስ ይዝናናል፤ ብረቱ በራሱ ይወጣል። ሃትፊልድ ግን በቀለለህ መጠን ፍጠን አለ፤ ከታች እስከ ላይ ያለህን ሁሉ ስጠው። በ1987፣ በ45 ዓመቱ፣ 460 ኪሎ ትከሻው ላይ ጭኖ ቁጭ ብሎ ተነሣ። ልጅ ተብሎ የማይጠራበት ዕድሜ ነው።

በማግስቱ ዓመት ሴኡል ላይ ናይም ሱሌይማኖግሉ መጣ። ቁመቱ 1.47 ሜትር። ቡልጋሪያ ውስጥ ከቱርክ ቤተሰብ ተወልዶ ወደ ቱርክ የኮበለለ ነው። በ60 ኪሎ ምድብ በስናች 152.5፣ በክሊን ኤንድ ጀርክ 190፣ በድምሩ 342.5 ኪሎ አነሣ። 190 ማለት ከራሱ ክብደት ሦስት እጥፍ በላይ ነው። የትውልድ አገሩ የቡልጋሪያ ቡድን በዚያው ውድድር ሁለት አንሺዎቹ አበረታች መድኃኒት ተገኝቶባቸው ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ስለዚህ የዚያን ዘመን ቁጥሮች ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን የሚያይ ሰው አይፈረድበትም፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ከብረቱ ሥር የመግባት ፍጥነቱን ግን መድኃኒት ብቻውን አይሰጥም።

አሁን ወደ ኮሎምበስ እንመለስ። አሌክሴየቭ ሪከርድ በሰበረባት ከተማ ሉዊ ሲመንስ የተባለ ወገቡን ሁለት ጊዜ የተጎዳ ክብደት አንሺ ይኖር ነበር። በ1980ዎቹ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎሙ የሶቪየት መጻሕፍትን አንብቦ ዌስትሳይድ ባርቤል በተባለው ጂሙ ሳምንቱን ለሁለት ከፈለው። ሁለቱ ቀን ለከባድ ብረት፣ ሁለቱ ቀን ለፍጥነት። በፍጥነቱ ቀን ብረቱ ሰውየው ከሚችለው ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ድግግሞሹ በአንድ ዙር ሁለት ወይም ሦስት፣ ዙሩ ብዙ፣ ዕረፍቱ አጭር። በብረቱ ጫፎች ላይ ደግሞ ሰንሰለት ያንጠለጥላል። አንሺው ታች ሲሆን ሰንሰለቱ ወለል ላይ ተከምሯል፤ ሲነሣ ግን ዘለበቱ አንድ በአንድ ከወለሉ እየተነሣ ብረቱን ያከብደዋል። ከታች በፍጥነት ያልተነሣ ላይ ሳይደርስ ይቆማል። የሃትፊልድን ምክር ሲመንስ በብረት ዘለበት አስገደደ ማለት ይቻላል።

ፊንላንዳውያኑ በ1999 እንደገና መጡ። ሌና ፓቮላይነንና ባልደረቦቿ የረጅም ርቀት ሯጮችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ለ9 ሳምንት ከልምምድ ሰዓቱ 32 በመቶውን ለአጭር ሩጫ፣ ለዝላይና በፍጥነት ለሚነሣ ቀላል ብረት አዋለ፤ ሌላው 3 በመቶ ብቻ። የመጀመሪያዎቹ የኦክስጅን አቅማቸው ሳይጨምር በ5 ኪሎ ሜትር ፈጠኑ። ሳንባቸው ያው፣ ማርሻቸው ሌላ። የምሩፅን የሞስኮ ሩጫ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ይህን ለማመን 19 ዓመት መጠበቅ አላስፈለገውም።

የጂም ልጆችን በቀጥታ የሚነካው ግን በ2014 ከስፔን የወጣው ነው። ጎንሳሌስ ባዲዮና ቡድኑ ሁለት ቡድን ወጣቶችን ለ6 ሳምንት ቤንች ፕሬስ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋት፣ አሠሩ። ክብደቱ እኩል፣ ድግግሞሹ እኩል። አንደኛው ቡድን ብረቱን በቻለው ፍጥነት ሁሉ ሽቅብ ይገፋል፤ ሌላው ሆን ብሎ በግማሽ ፍጥነት። በመጨረሻ የፈጠኑት የሚችሉት ክብደት 18.2 በመቶ ጨመረ፤ የተንቀረፈፉት 9.7 በመቶ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ቀስ በል፣ ጡንቻው ይሰማህ» ያለው ጓደኛ ይህን ቢያነብ ጥሩ ነበር። ከሱ ቀደም ብሎ በ1993 የካናዳ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ብረቱ ከክብደቱ የተነሣ በዝግታ ቢወጣ እንኳ ወሳኙ ለማፍጠን ያለህ ሐሳብ ነው፤ ነርቭ የሚታዘዘው ለዚያ ነውና።

ከዚያ 2023፣ በርሊን። ትዕግሥት አሰፋ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የሴቶችን የዓለም ሪከርድ ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ሯጭነቷን በዓለም መድረክ የጀመረችው በ800 ሜትር ነበር፤ በሪዮ ኦሊምፒክም በዚያው ርቀት ሮጣለች። የረጅም ርቀት አገር በምትባለው ኢትዮጵያ የማራቶን ሪከርድ ከሁለት ዙር ሯጭ እግር ወጣ።

እንግዲህ ወደ የጁቤው ግቢ። ብረታችሁ የሲሚንቶ ቢሆንም ይሠራል። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ከባዱን መልመድ ይቅደም። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ለፍጥነት ስጡት፤ ከምትችሉት ግማሹን ጫኑ፣ ሲወርድ ተቆጣጥራችሁ አውርዱ፣ ሲነሣ እንደ አዛውንቱ መጥረቢያ ልቀቁት። በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ በቂ ነው፤ ብረቱ መንቀርፈፍ ሲጀምር የዚያ ቀን ሥራ አልቋል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ሲሚንቶ በፍጥነት ሲወዛወዝ ይሰነጠቃል፣ ጣሳውም ከቱቦው ይሾልካል። ከመፍጠናችሁ በፊት ጫፎቹን በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩ።